እትዬ ሐዋና የታጠፉት ቅጠሎች

እትዬ ሐዋ ሞተች ያለችኝ ደርብ በምትባለው የጂዛን ከተማ ልብስ ሰፊ ቤት የምትሠራ የከሚሴ ልጅ ናት። ስልኩን እንዳነሳሁ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ «ሰምተሻል ዘምዘም? ሐዋ እኮ ሞተች፣ አገሯ ላይ» አለችኝ። ሳላስበው አንድ ቃል ከአፌ ወጣ።

«ማን አየ?»

ልጅቱ ደነገጠች። «ምን ማለትሽ ነው? ሰው ነግሮኝ ነዋ!»

«የነገረሽ ሰውዬ ቀብሯ ላይ ነበረ?»

እንዲህ ብሎ መጠየቅ የኔ ጠባይ አይደለም፤ ከእትዬ ሐዋ የተጋባብኝ ነው። ዓረብ አገር፣ አቡ ዓሪሽ ውስጥ አንድ ቤት አብረን ስንሠራ ጎረቤት ሠርግ አለ ቢሏት «ማን አየ?» ትላለች፤ ዝናብ መጣ ቢሏትም «ማን አየ?» ብላ ራሷ ወጥታ እጇን ትዘረጋለች። ስለዚህ አላለቀስኩም። ሐርቡ ያለችውን የእህቷን ልጅ ቁጥር አፈላልጌ ደወልኩ። ልጅቱ ስታነሳው ከኋላዋ የለቅሶ ቤት ጫጫታ ይሰማል። «ታማ ከረመች፣ ትናንት ቀበርናት» አለችኝ። «አንቺ ነበርሽ?» አልኳት። «ዓይኗን የከደንኩት እኔ ነኝ» አለች። ያን ጊዜ አመንኩ፤ ያን ጊዜ አለቀስኩ። አላህ ይርሐማት።

ወደዚያ ቤት ስትመጣ እኔ ቀድሜያት ነበርኩ። እኔ በአውሮፕላን የመጣሁ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ኢቃማ ያለኝ፣ በአሠሪዬ በከፊሌ ስም የተመዘገብኩ ነኝ። እሷ በየመን በኩል ባሕሩን በጀልባ፣ ተራራውን በእግሯ ያለፈች ናት፤ አንድም ወረቀት የላትም። ዕድሜዋ አርባን አልፏል። ቀጭንና ረዥም፣ ሰው ሲያወራት አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጋ የምታዳምጥ ሴት። ማዳም የምንተኛበትን ክፍል ስታሳያት ፍራሹን አላየችም፤ ቀጥ ብላ ወደ መስኮቱ ሄደች። ብረቱን ነቅነቅ አድርጋ፣ «ይሄ የተበየደው ከውጭ ነው ከውስጥ?» አለችኝ። ከዚያ ፍራሿን ጎትታ በሩን ፊት ለፊት የምታይበት ቦታ አደረገችው። ሻንጣዋን ቆልፋ ስታበቃ ከራሷ አንድ ፀጉር ነቅላ ዚፑ ላይ ቋጠረችበት።

«እሱ ደግሞ ለምንድን ነው?» አልኳት።

«ካልነካሽው ምን ያሳስብሻል?»

ተቀየምኳት። የአገሬ ሰው፣ ያውም የወሎ ሰው መጣልኝ ብዬ ስደሰት እንዲህ ብላ ተቀበለችኝ። ቆይታ ነው የመን ላይ ያገኛትን ያጫወተችኝ። በረሃውን አብራት ያቋረጠች፣ ከአንድ ጀሪካን አብራት የጠጣች የሰፈሯ ልጅ ናት ለደላሎቹ አሳልፋ የሰጠቻት። «በውሃ ጥም አብራኝ ያለቀሰች ናት እኮ» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት እኛ ለጨዋታ ነው የምንለው፤ እሷ ግን ዱዓ እንደምታደርግ ሰው ረጋ ብላ ነበር የምትለው። ስትስቅ እንኳ ዓይኗ አብሮ አይስቅም። ዓይኗ በር በሩን ነው የሚያየው።

ቤቱ የሰው ብዛት አልነበረበትም። ማዳም አስተማሪ ናት። ባሏ ጠረፍ ላይ ወታደር ስለሆነ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣው። የባሏ እናት ሐጃ ከኛ ጋር ይውላሉ፤ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሎ በዱላ የሚሄዱ፣ ዓይናቸው ግን የጭልፊት የሆነ አሮጊት ናቸው። ልጅየው ፈይሰል አብሃ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ነገሩን ሁሉ ያመጣብን እሱ ነው።

ፈይሰል እንስሳ ወዳድ ነው። አንዴ ለዕረፍት ሲመጣ ከጅዳ በበረዶ ሣጥን ውስጥ የውሃ እንሽላሊቶች ይዞ መጣ። እሱ ሰመንደል ይላቸዋል። የሰው ጣት አያክሉም። ጀርባቸው ከሰል ነው፤ ሲገለበጡ ግን ሆዳቸው እንደ ፍም ይቀላል። ሙቀት ይገድላቸዋል አለ። እንግዲህ የጂዛንን ሙቀት አስቡት! ሳሎኑ አጠገብ ባለች ትንሽ ክፍል፣ ማቀዝቀዣው ሙከይፍ ቀን ከሌት በሚያጓራባት፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ አኖራቸው። ድንጋይ ደረደረላቸው፣ ቀጫጭን ቅጠል ያለው የውሃ ተክል ተከለላቸው። «ገና ልጆች ናቸው። ለመውለድ ብዙ ይቀራቸዋል» አለ። እኔ ሳያቸው ጮኼ ስለሸሸሁ አመጋገባቸውን ያሳየው ለእትዬ ሐዋ ነው። ከፍሪዘር የወጣ ቀይ ትል በመቆንጠጫ እያነሱ አፋቸው ድረስ መስጠት ነው። ይህን አሳይቷት ወደ ትምህርቱ ተመለሰ።

እሷም አልወደደቻቸውም። «ለውሃ ከፈጠራቸው ለምን እግር ሰጣቸው? ለመሬት ከፈጠራቸው ለምን ውሃ ውስጥ ይተኛሉ? ሁለት ቤት ያለው ነገር አይታመንም» አለችኝ። ትሉን ስትሰጣቸው ፊቷን ዞር አድርጋ ነው፤ ከንፈሯም ይንቀሳቀሳል። ከበሩ ላይ ሆኜ አያት ነበር። ምን እያለች እንደሆነ አይሰማም። እውነቱን ለመናገር እኔም ትንሽ ፈራኋት።

ከዚያ ሙከይፉ ተበላሸ። ሠሪው ዛሬ ነገ እያለ ቀረ። ማዳም ልጄ ይቆጣኛል ብላ ስትጨነቅ፣ እትዬ ሐዋ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ እየሞላች ፍሪዘር ውስጥ በረዶ ማስያዝ ጀመረች። አንዱ ሲሟሟ ሌላውን ገንዳው ላይ ታንሳፍፋለች። አበዛችው መሰለኝ፤ እጄን ብነክረው ውሃው የደጋ ምንጭ ሆኗል። እንሽላሊቶቹ መብላቱን ተዉ፣ ድንጋይ ሥር ገብተው ዝም አሉ።

«ሞቱ» አልኩ።

«ማን አየ?»

እውነትም አልሞቱም። ሙከይፉ ተሠርቶ ውሃው ቀስ እያለ ሲለዝብ ነፍስ ዘሩ፤ ጭራሽ ከበፊቱ ባሰባቸው። አንደኛው ጅራቱን ወደ ጎኑ አጥፎ በሌላዋ ፊት ያርገበግባል። እሷ ስትሄድ ይከተላል፣ ዞሮ ፊቷ ይቆማል፣ እንደገና ያርገበግባል። እትዬ ሐዋ ወገቧን ይዛ ታየዋለች። «ይሄ ሰውዬ አንድ ነገር እየጎነጎነ ነው» አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ ግን የምሯን ነበር።

አንድ ቀን ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ ሐጃ ጉልበታቸውን ቅዝቃዜ ይሻለዋል ብለው ወደዚያች ክፍል ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ ጩኸታቸው ቤቱን አናጋው። ሁላችንም ሮጠን ሄድን። ሐጃ በዱላቸው ወደ ገንዳው እየጠቆሙ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። አየሁ። ከውሃው ተክል ላይ አንዳንዱ ቅጠል ለሁለት ታጥፏል። ሌላው ቅጠል እንደ ወትሮው ተዘርግቶ፣ እነዚያ ብቻ ጥንቅቅ ብለው፣ ልክ ክታብ አጣጥፎ በሚሰፋ ሰው እጅ እንደተነኩ ታጥፈዋል።

«ሲህር!» አሉ ሐጃ። «ልጄ ቤት ውስጥ ሲህር ተሠርቷል! ማንም እንዳይነካው፤ የነካው ይያዛል!»

ሲህር ማለት ድግምት ነው። እዚያ አገር ይህ ቃል የሚሳቅበት አይደለም። ድግምት ሠራች የተባለች ሴት፣ ያውም ወረቀት የሌላት ሐበሻ፣ ምን እንደሚጠብቃት ሁላችንም እናውቃለን። የማዳም ፊት ነጣ። ማዳም ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ስልኳን አውጥታ ለልጇ ደወለች፣ እኛም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ፈይሰል፣ ገንዳህ ውስጥ አንድ ነገር አይተናል። እነዚህ ነገሮች ወልደው ይሆን?»

«አይወልዱም እማ፣ ገና ልጆች ናቸው አልኩሽ እኮ! ፈተና ልገባ ነው። ማንም ገንዳዬን እንዳይነካ!» ብሎ ዘጋው።

የነበረችን አንዲት መውጫ እሱ በዚያች ቃል ደፈናት። ማዳም ሁለታችንን እያፈራረቀች አየችን። «ነገ ከሰዓት፣ ከዓስር ሰላት በኋላ ራቂ ይመጣል። እሱ ሲህር ነው ካለ ሽርጣ እጠራለሁ» አለች። ራቂ ማለት ቁርኣን እየቀራ ድግምት የሚያከሽፍ ሼኽ ነው፤ ሽርጣ ደግሞ ፖሊስ። ስልካችንን ተቀበለችን፤ የግቢውን በር ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ገባች።

ማዕድ ቤት ስንገባ እትዬ ሐዋ በሩን ዘጋችና ፊቴ ቆመች።

«አንቺ ነሽ?»

«ምኑን?»

«ቅጠሉን።»

«አንቺ ነሽ እንጂ! ውሃው ላይ ስታነበንቢ አይቼሻለሁ።»

«ፋቲሃ ነው የቀራሁት፤ አላህ ከነሱ እንዲጠብቀኝ።»

«እኔ ደግሞ እነሱን ፈርቼ እግሬን እንኳ እንደማላስገባ ታውቂያለሽ።»

«እኔ የማውቀው አልገባም ማለትሽን ነው» አለችኝ።

ተፋጠጥን። ወላሂ፣ ጠላት እንዲህ አይተያይም። እሷ አላደረገችውም ካልኩ ማን ሊያደርገው ነው? እሷም ስለኔ ያንኑ እያሰበች መሆኑን ከዓይኗ አነባለሁ። አንዳችን ስንታጠብ ሌላችን እጅ እጇን እያየን ሥራችንን ጨረስን።

በነጋታው ጠዋት የውሃ ቦቴው መጣ። ማዳም ለቦቴው በሩን ከፍታ፣ ተማሪዎቿ እየጠበቋት ስለነበር መዝጋቱን ለኔ ትታ በመኪናዋ ወጣች። ሹፌሩ ቱቦውን ታንከሩ ላይ አድርጎ ዞር ብሏል። መንገዱ ወለል ብሎ ይታያል። እትዬ ሐዋ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ሂጂ» አልኳት። «ያላ፣ ሂጂ! እኔ አላየሁም እላለሁ።»

መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየችው። ከዚያ በሩን ራሷ ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«ከሄድኩ ጠንቋይዋ አመለጠች ይላሉ። አንቺን ደግሞ ረዳቷ ብለው ይይዙሻል። ደሞ አምኜሽ እንዳይመስልሽ የምቀመጠው። ልጠብቅሽ ነው።»

ልጠብቅሽ ያለችው እንዳላመልጥ ነው ወይስ ክፉ እንዳያገኘኝ? ዛሬም ድረስ አላውቅም።

ከዚያ በርጩማ ይዛ ወደዚያች ክፍል ገባች። ቅጠሉን የሚያጥፈው ማንም ይሁን ማን ይመጣል፣ ሲመጣ እይዘዋለሁ ብላ ገንዳው ፊት ተቀመጠች። ሥራውን ሁሉ ለኔ ተወችልኝ። ባለፍኩ ቁጥር አያታለሁ፤ ድንጋይ ሆናለች። ረፋዱ ላይ ዞር ሳትል በእጇ ጠራችኝ። ፍርሃቴን ዋጥ አድርጌ ተጠጋሁ።

ሆዷ ነፋ ያለው ሴቷ እንሽላሊት ተክሉ ላይ ወጥታለች። አንዱን ቅጠል በአፍንጫዋ አሸተተችው። ከዚያ በኋለኛ እግሮቿ ያዘችው፤ ወደ ሆዷ ሳብ ሳብ አድርጋ ለሁለት አጠፈችው፤ አቅፋው ዝም አለች። ስትለቀው ቅጠሉ እንደታጠፈ ቀረ።

«አየሽ?»

«አየሁ» አልኩ። «አልሐምዱሊላህ፣ ዳንን!»

«ምኑን ነው የዳንነው? አንቺ ብትመሰክሪ ማን ይሰማሻል? ሐጃን ጥሪያቸው።»

«ሐጃ እኮ ናቸው የከሰሱን!»

«ለዚህ ነው እኮ። ሌላው ሰው ቢነግሩት ያምናል፤ ነገ ሌላ ቢነግሩት ደሞ ያንን ያምናል። እሳቸው ግን አንዴ በዓይናቸው ካዩ ማንም አይለውጣቸውም።»

ሐጃ ቁርኣናቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው መጡ። በሩ ላይ ግን ቆመው አልገባም አሉ። በአረብኛ አንቱታ የለም፤ ሁለቱ እንደ እኩያ ነው የሚነጋገሩት።

«ጠርተሽ ዓይኔን ልታስሪው ነው?» አሉ ሐጃ።

«ቁርኣንሽን እንደያዝሽ ተቀመጪ» አለች እትዬ ሐዋ። «እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እታይሻለሁ። ዘምዘምም በሩ ላይ ትቁም፣ እጇን ከፍ አድርጋ። ካልሆነ ራስሽ ሽርጣ ጥሪ።»

ሐጃ ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። አንድ ዓይናቸው ገንዳው ላይ፣ አንዱ እትዬ ሐዋ ላይ። እንሽላሊቷ ግን ድንጋይ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። ዙሁር ደረሰ፤ ሐጃ እዚያው ወንበራቸው ላይ ሰገዱ። «እንግዲህ?» ይላሉ። «ጠብቂ» ትላለች እትዬ ሐዋ። ማዳም ከሥራ ተመልሳ አየችንና ወደ ሳሎን አለፈች። ክንዴ ዛለ። የዓስር አዛን ተባለ። የግቢው መጥሪያ ጮኸ፣ ማዳምም ከሳሎን «ሼኹ መጥተዋል!» ብላ ተጣራች።

በዚህ ጊዜ ነው እንሽላሊቷ ከድንጋዩ ሥር የወጣችው።

«ሐጃ፣ ሼኹ መጡ!» አለች ማዳም እንደገና።

«ይቆዩ» አሉ ሐጃ። አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። እንሽላሊቷ እየተንጠላጠለች ወጣች፣ ቅጠሉን አሸተተች፣ በእግሮቿ ሳበች፣ አጠፈች፣ አቀፈች። ሐጃ ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ስትለቀው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ማንም እንዳይነካው ያሉት ውሃ ውስጥ ራሳቸው እጃቸውን ነክረው አንዱን የታጠፈ ቅጠል ቀነጠሱ። መዳፋቸው ላይ በጥፍራቸው ፈለቀቁት። ውስጡ ውሃ የጠጣ የተልባ ፍሬ የመሰለ፣ ዙሪያው የሚያንጸባርቅ፣ መሃሉ ላይ ነጥብ ያለው እንቁላል ተለጥፏል።

«ሱብሃነላህ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው እትዬ ሐዋን በጥርጣሬ አዩዋት። «ይህችን ታዲያ ማን አስተማራት?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው» አለች እትዬ ሐዋ፣ እሷም በጥርጣሬ ገንዳውን እያየች።

ሐጃ ሳቁ። በዚያ ቤት ስኖር ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሼኹ ጭማቂ ጠጥተው፣ በሐጃ ጉልበት ላይ ቁርኣን ቀርተው ሄዱ። ማዳም ስልካችንን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልን። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣትም፤ ቀና ብላም አላየችን።

ፈይሰል በሳምንቱ መጨረሻ እየበረረ መጣ። ገና ልጆች ሆነው መውለዳቸው አስገረመው። የበረዶውን ነገር ሲሰማ ግን ግንባሩን መታ። ቅዝቃዜው መጥቶ ሲሄድ ክረምት ያለፈ መስሏቸው፣ የመውለጃ ጊዜያችን ነው ብለው ነው አለ። «ልጅ ነው ብለህ የናቅኸው ነው ጉድ የሚያመጣብህ» አለችው እትዬ ሐዋ። ወላጆቹ የራሳቸውን እንቁላል እንደሚበሉ ሊነግራት ሲጀምር፣ እንቁላል ያቀፉትን ቅጠሎች አስቀድማ ለይታ በሌላ ሳህን እንዳደረገቻቸው አሳየችው።

«ማን ነገረሽ?»

«እናትየዋ እንቁላሏ ላይ ስታንዣብብ አየኋት። አላመንኳትም።»

የነጡት እንቁላሎች ተበላሹ፤ እነሱን እየለቀመች ትጥላለች። የቀሩት ተፈለፈሉ፤ አንገታቸው ላይ እንደ ላባ ያለ ነገር ያበቀሉ፣ ክር የሚያካክሉ ነገሮች። ሐጃም በየጠዋቱ ወንበራቸውን አስይዘው ይመጡ ጀመር። ሁለቱ ሳህኑን መሃል አድርገው ጎረቤቱን ሲጠረጥሩ፣ አትክልት ሻጩን ሲጠረጥሩ ያረፍዳሉ። አንዳቸው የጀመሩትን ሌላዋ ትጨርሰዋለች።

እንዲህ ሆኖ ይቀጥላል ብዬ ነበር። እሷ ግን አንድ ቀን ሻንጣዋን አወጣች።

«ምን ሆንሽ? አሁን እኮ ወደውሻል» አልኳት።

«ዘሙዬ፣ በዚህ ቤት ሁለተኛ ነገር ከታየ እንቁላል ሆኖ አይገኝም» አለችኝ።

አሽ-ሹቀይቅ የሚባል ቦታ ሥራ አለ ብለዋት ሄደች። አልደረሰችም። መንገድ ላይ ኬላ ይዟት ወደ ማቆያ መወሰዷን ከሌሎች ልጆች ሰማሁ። ወደ አገር የሚመለሱት የሚታጎሩበት ነው። ለሐጃ ነገርኳቸው። በማግስቱ ከእኔ ቀድመው ተነስተው፣ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ምድጃው ፊት ተቀምጠው የማሽላ ዳቦ ሲጋግሩ አገኘኋቸው። የወንድማቸው ልጅ ማቆያው በር ላይ በወታደርነት ያገለግላል። ፈይሰል ነዳልን፣ እኔ ደግፌያቸው ሄድን።

ወታደሩ እትዬ ሐዋን ብረት ወዳለበት አንድ መስኮት አመጣልን። ከስታለች። እኛን ሳይሆን መጀመሪያ ከኋላችን የቆመ ሰው መኖሩን አየች።

«ማን ላካችሁ?»

«ማንም» አሉ ሐጃ።

«ታዲያ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?»

ሐጃ ከፌስታሉ ዳቦውን አውጥተው በብረቱ መሃል ዘረጉላት። ገና ሙቀቱ አልወጣለትም። እትዬ ሐዋ ዳቦውን አየች፤ ሐጃን አየች። አልተቀበለችም።

«መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ» አለቻቸው።

እኔ በኀፍረት አቀረቀርኩ። ወታደሩ ሳቀ። ሐጃ ግን ቅር አላላቸውም። ዳቦውን ከዳሩ ሳይሆን ከመሃሉ ቆርሰው ጎረሱ፣ ቀስ ብለውም አላመጡ። እትዬ ሐዋ ጉሮሯቸውን እያየች እስኪውጡ ጠበቀች። ከዚያ እጇን በብረቱ መሃል አሾልካ ዘረጋች።